«ሀገረ ስብከት»፦ የአንድ ቃል ፍችና ታሪክ

ዛሬ በቤተ ክህነት አነጋገር «ሀገረ ስብከት» ማለት አንድ ሊቀ ጳጳስ የሚመራው የአስተዳደር ክልል ነው። ቃሉን በዚህ ፍች ብቻ ካለፍነው በውስጡ ያለው ታሪክ ያመልጠናል ብዬ ስለማምን፣ በዚህ አጭር ጽሑፍ ልመረምረው እሞክራለሁ።

ቃሉ ከግእዝ የተገኘ ጥምር ነው። «ሀገር» «ሀገረ» ሆኖ ከ«ስብከት» ጋር ተናብቧል። «ሰበከ» አስተማረ፣ ዐወጀ ማለት ነው። «ሀገር» በአማርኛ ሰፊ ምድርን ሲያመለክት በግእዝ ከተማም ይባልበታል። እንግዲህ ጥሬ ፍችው «የሚሰበክበት ከተማ ወይም ምድር» ይሆናል። አውሮፓውያን ለዚሁ ክልል የሚጠቀሙበት ስም ከግሪኩ «ዲዮኬሲስ» የወጣ ሲሆን ትርጉሙ አስተዳደር ነው፤ የሮማ መንግሥት ግዛቶችም ይጠሩበት ነበር። የኛ ቃል የሚቀርበው ለእስክንድርያ ነው። የግብጽ ቤተ ክርስቲያን የፓትርያርኳን ግዛት በዐረብኛ «የማርቆስ ክራዛ» ትለዋለች፤ «ክራዛ»ም ስብከት ማለት ነው።

ይህ ቅርበት ከታሪካችን ጋር ይስማማል። ፍሬምናጦስ በ4ኛው ምዕት ዓመት በአትናቴዎስ ከተሾመ በኋላ፣ ኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን ጳጳሷን ከእስክንድርያ ስትቀበል ኖራለች። ኢትዮጵያውያን ከሊቃውንቶቻቸው ፓትርያርክ እንዳይሾሙ የሚከለክለው የፍትሐ ነገሥት አንቀጽ ለኒቅያ ጉባኤ ቢሰጥም፣ ከጉባኤው 20 ቀኖናዎች መካከል አይገኝም። ግብጻዊው ጳጳስ አብዛኛውን ጊዜ የሕዝቡን ቋንቋ ሳያውቅ ይመጣ ስለ ነበር፣ ስብከቱን የተሸከሙት የአገሩ መነኮሳት፣ ቀሳውስትና መምህራን ናቸው። ሀገሩ ሰፊ፣ ሰባኪው ግን ልሳን የሌለው ነበር ማለት ይቻላል።

ለውጡ ቀስ በቀስ መጣ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1874 ዓ.ም. አራት ጳጳሳት ከግብጽ ባስመጡ ጊዜ አቡነ ማቴዎስ ለሸዋ፣ አቡነ ሉቃስ ለጎጃም ተመደቡ፤ ምድሩ ተከፈለ፣ ሰባኪው ግን ያው እንግዳ ነበር። በ1921 ዓ.ም. አቡነ አብርሃም፣ አቡነ ጴጥሮስ፣ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ይስሐቅ ተሹመው ሲመለሱ ምእመናን የአገራቸውን ተወላጆች በጵጵስና መንበር አዩ። አቡነ ባስልዮስ በ1943 ዓ.ም. ሊቀ ጳጳስ፣ በ1951 ዓ.ም. ፓትርያርክ ሆኑ።

በ1965 ዓ.ም. የወጣው የሰበካ ጉባኤ ደንብም «ቃለ ዓዋዲ» ተባለ፤ የዐዋጅ ነጋሪ ድምፅ ማለት ነው። «ሰበካ»ም፣ «ሀገረ ስብከት»ም፣ «ቃለ ዓዋዲ»ም ወሰናቸውን የሚለኩት በድምፅ ነው። ሀገረ ስብከት መዝገብና ማኅተም ብቻ በሆነበት ቦታ ሁሉ፣ የገዛ ስሙ ይወቅሰዋል።