የማርሽ ቀያሪው ጭን

ምሩጽ ይፍጠር በሐምሌ 1972 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሎምፒክ የ10,000 ሜትሩ ሩጫ ሊያልቅ 300 ሜትር ገደማ ሲቀር አፈትልኮ ወርቁን ወሰደ፤ ከቀናት በኋላ የ5,000ውን ደገመ። «ማርሽ ቀያሪው» የሚለውን ቅጽል የወኔ ምስክር አድርገን እንተርከዋለን። እኔ ግን የጡንቻ ታሪክ ነው እላለሁ። በፍጥነት ሲሮጥ፣ ወደ ፊት የተወረወረውን ቅልጥም እግር መሬት ከመንካቱ በፊት የሚገታው የጭን የኋላ ጡንቻ ነው፤ እየተለጠጠ ኃይል ስለሚሸከም ብዙ ጊዜ የሚጎዳውም በዚያች ቅጽበት ነው። ዕረፍት ሕመሙን ያስታግሣል እንጂ ጡንቻውን ለዚያች ቅጽበት አያዘጋጀውም። ጡንቻው እየረዘመ ሸክም እንዲችል ማለማመድ፣ ከዚያም ፍጥነቱን በደረጃ መመለስ ያስፈልጋል።

የጎንደር ጤና ኮሌጅ በ1954 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም የጊዜው ጭንቀት የደምቢያ ወባ ነበር። ዛሬ በዚያው ተቋም ፊዚዮቴራፒ የሚማር ወጣት፣ «ሕመሙ ጠፍቷል» የሚለውን ሯጭ ለውድድር ከመልቀቁ በፊት በሙሉ ፍጥነት ሲሮጥ ማየት አለበት።