አይበገሬ ወይስ አንሰራሪ?

ሰሞኑን የአንድ ሥልጠና መጥሪያ እጄ ገባ። «ዲጂታላይዝድ በሆነ መንገድ አይበገሬ የአውቶሞቲቭ ሰፕላይ ቼይን መገንባት» ይላል። «ሰፕላይ ቼይን» ምን ፍለጋ እንደመጣ አልገባኝም፤ «የአቅርቦት ሰንሰለት»ን አስመጪውም ጋዜጠኛውም ከለመደው ቆይቷል። «ዲጂታላይዝድ በሆነ መንገድ» የሚለውስ «በዲጂታል ዘዴ» ቢባል ምን ይጎድልበት ነበር? ዲጂታልን ራሱን አልነካም። «አኃዛዊ» እንበለው የሚሉ ወዳጆች አሉኝ፤ አኃዛዊ ሲባል ግን ለሰው ትዝ የሚለው የስታቲስቲክስ ሠንጠረዥ ነው። ሕዝብ የለመደውን የውሰት ቃል ማባረር ቋንቋን መጠበቅ አይመስለኝም። የእኔ ጠብ ከ«አይበገሬ» ጋር ነው። ንጹሕ አማርኛ ነው፣ ለጆሮም ያምራል፤ የሚለው ነገር ግን ሊባል ከተፈለገው ጋር አይገናኝም።

ቃሉ ወደ ቢሮ አማርኛችን የገባው በአየር ንብረት በር ነው። ኢትዮጵያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ይፋ ያደረገችው ስትራቴጂ (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚያው አቆጣጠር ናቸው) «ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ» ተባለ። ከዚያ ወዲህ እንግሊዝኛው «ሬዚሊየንስ» ባለበት ሁሉ «አይበገሬነት» ይከተላል። ጤናው፣ ባንኩ፣ የከተማ ፕላኑ አይበገሬ ሆነ፤ አሁን ተራው የመኪና ፋብሪካው ነው።

አወቃቀሩ ደስ ይላል። «አይቀሬ»፣ «አይነኬ»፣ «አይረሴ» ከሚባሉት ቤተሰብ ነው፤ በ«አይ» ጀምሮ ደፍኖ ይዘጋል። አይበገሬ ማለት እጅ የማይሰጥ፣ የማይነቃነቅ ነው። የአርበኛ ማዕረግ ነው። ለመኪና ዕቃ አቅርቦት ስንሰጠው ግን ሰንሰለቱ አይበጠስም ብለን ቃል መግባታችን ነው። ይበጠሳል እኮ!

ማርች 11 ቀን 2011 ጃፓንን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ በሂታቺናካ ከተማ ያለውን የሬኔሳስ ኩባንያ ናካ ፋብሪካ አቆመው። ከዚያ የሚወጡት የመኪናን ሞተርና ሌሎች ክፍሎች የሚያዙ ማይክሮኮንትሮለር የሚባሉ ቺፖች ናቸው። መኪና አምራቾቹ የገዛ ሠራተኞቻቸውን ልከው፣ በቀን እስከ 2,500 ሰው እየተረባረበ፣ ፋብሪካው ጁን መግቢያ ላይ ምርት ቀጠለ። በዚያው መንቀጥቀጥ ኦናሃማ ላይ የጀርመኑ መርክ ፋብሪካ ተዘጋ። እዚያ የሚሠራው የመኪና ቀለም ፀሐይ ሲያርፍበት ብልጭ ብልጭ እንዲል የሚያደርግ ዚራሊክ የሚባል ዱቄት ነው፤ ያኔ በዓለም ሌላ የትም አይሠራም ነበር። አሜሪካ ውስጥ ፎርድ ለሻጮቹ ጥቁር ፒካፕ ማዘዝ አቁሙ አላቸው። ሞተሩ አለ፣ ጎማው አለ፣ ወንበሩ አለ፤ የጠፋው ብልጭታው ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አይበገሬ የለም። ተመትቶ፣ ቆሞ፣ ከዚያ የተነሣ ነው ያለው። የ«ሬዚሊየንስ» የላቲን ሥርም ይህንኑ ነው የሚለው፤ «ሬሲሊሬ» ዘሎ ወደ ቦታው መመለስ ነው። አለመነቃነቅ አይደለም። ታዲያ ለዚህ ምን እንበለው?

«የመቋቋም አቅም» የሚለው በስፋት ይሠራበታል፤ ከ«አይበገሬ»ም ይሻላል። ችግሩ «ተቋቋመ» ሁለት ቤት ማደሩ ነው። «ጠንካራ የአቅርቦት ሰንሰለት ይቋቋማል» ብዬ ብጽፍ፣ ሊመሠረት ነው ወይስ ችግር ሊችል? «መልሶ» ሲጨመርበት ይባስ ይወሳሰባል፤ «መልሶ ማቋቋም» ለተፈናቃይና ለተሰናባች ወታደር የተሰጠ ቃል ነው። «ተለማጭነት»ን ያቀረበ መምህር አውቃለሁ፦ ተለምጦ የማይሰበር፣ ለማለት። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን ጎረቤቱ «መለማመጥ» ነው። ተለማጭ አቅራቢ የሚባል ሰው ደንበኛው እግር ሥር የወደቀ ይመስላል። «ማገገም» ወደ ልቤ የቀረበ ነበር፤ ሆኖም ማገገም አልጋ ላይ ያለ፣ ሾርባ የሚቀርብለት ነው። ጊዜው ያድነዋል እንጂ ራሱ ታግሎ አይነሣም። ጋራዥ ውስጥ ደግሞ አልነሣ ያለ ሞተር ድንገት ሲነሣ «ነፍስ ዘራ» ይባላል። ለሞተር ግሩም ነው፤ ለሪፖርት ርዕስ ግን አይሆንም።

እኔ የምመርጠው «ማንሰራራት»ን ነው። ሕመምተኛ ወዙ ሲመለስ፣ የጠወለገ ቡቃያ ካፊያ አግኝቶ ቀና ሲል፣ የከሰረ ነጋዴ ሱቁን ዳግም ሲከፍት አንሰራራ እንላለን። መመታቱን አይክድም፣ መነሣቱንም አይደብቅም። ግዕዝ መብረርንና መዝለልን «ሰረረ» ይላል። የ«አንሰራራ»ን ዘር ከዚያ ይቆጠር አይቆጠር ሊቃውንቱ ይዳኙት፤ እኔ ግን የላቲኑ ዝላይና የግዕዙ ዝላይ በአንድ ቃል ዙሪያ መገናኘታቸውን ወድጄዋለሁ።

ዋናው ምክንያቴ ግን ሥር አይደለም፤ መውለድ ነው። የሙያ ቃል መውለድ አለበት። «አይበገሬ» ከ«አይበገሬነት» ሌላ ልጅ የለውም። አዎንታዊው «ተበገረ» እንኳ ከማን አፍ ሲወጣ ይሰማል? «ማንሰራራት» ግን አንሰራራ፣ ያንሰራራል፣ አንሰራሪ፣ ማንሰራሪያ እያለ ይዘልቃል። ይህ የሰዋስው ቅንጦት አይደለም፤ ሙያው ራሱ ይፈልገዋል። የኤምአይቲው ዴቪድ ሲምቺ ሌቪ ከፎርድ ጋር በሠራው ጥናት አደጋ ይደርሳል አይደርስም ብሎ መተንበዩን ትቶ ሁለት ነገር ለካ። አንደኛው፣ አንድ አቅራቢ ቢቆም ወደ ሥራ ለመመለስ ስንት ጊዜ ይፈጅበታል? ሁለተኛው፣ እሱ ቆሞ ሳለ መኪና አምራቹ ባለው ክምችት ስንት ጊዜ ሥራ ሳይፈታ ይቆያል? የመጀመሪያው «ማንሰራሪያ ጊዜ»፣ ሁለተኛው «መሰንበቻ ጊዜ» ቢባሉ ያለ ማብራሪያ ይገባሉ። መሰንበቻው ከማንሰራሪያው ካነሰ ፋብሪካው ይቆማል፤ አለቀ። እስቲ ይህንን በ«አይበገሬ» ይሞክሩት። «ያለመበገሪያ ጊዜ»? ጥናቱ ያሳየው ሌላም ነገር አለ፦ ጉዳቱ የሚከፋው ሁልጊዜ ውድ ዕቃ ሲጠፋ አይደለም፤ ማንም የማይጠረጥራት ርካሽ ዕቃ ትገኝበታለች።

ዲጂታሉ የሚገባውም እዚህ ነው። የአቅራቢን አቅራቢ ማን ያውቀዋል? የጃፓን አምራቾች አቅራቢዎቻቸውን ወደ ታች እየሰፋ እንደሚሄድ ፒራሚድ ያስቡ ነበር። ከ2011 በኋላ ሲመረመር አንዳንዱ አልማዝ ሆኖ ተገኘ፤ መሃሉ ሰፍቶ ታች አንድ ፋብሪካ ላይ ይሾላል። (ለነዚህ ደረጃዎች «እርከን» የሚለውን የገበሬውን ቃል እመርጣለሁ፤ «ሁለተኛ እጅ» ካልን ያገለገለ ዕቃ ይመጣል።) ቶዮታ ከዚያ ወዲህ ሬስኪው የሚባል የመረጃ ቋት ዘርግቶ የአቅራቢዎቹን ቦታና ደካማ ጎን መዘገበ፤ የቺፕ አቅራቢዎቹም ከሁለት እስከ ስድስት ወር የሚበቃ ክምችት እንዲይዙለት አደረገ። በአውሮፓ ደግሞ ቢኤምደብሊው፣ መርሴዲስ፣ ቦሽ፣ ኤስኤፒና ሌሎችም በ2021 ካቴና ኤክስ የሚባል መረጃ የመለዋወጫ ማኅበር መሠረቱ። ካቴና በላቲን ሰንሰለት ነው፤ እነሱም ከሰንሰለት አልወጡም።

በ2021 ዓለም አቀፉ የቺፕ እጥረት ሲመጣ ቶዮታ ከተፎካካሪዎቹ በላይ ሰነበተ። ያኔ በየጋዜጣው የወጣውን ሙገሳ ወደ አማርኛ ስንመልስ «አይበገሬው ቶዮታ» ብንል ኖሮ ብዙም ሳይቆይ እናፍር ነበር፤ በሴፕቴምበር ሊያመርት ካቀደው 40 በመቶ ቀነሰ። መሰንበቻው ረዥም ነበር እንጂ ማለቂያ የሌለው አልነበረም።

ሁለት ተቃውሞ ይመጣብኛል። አንዱ፣ ክፉ ነገርም ያንሰራራል የሚል ነው፤ ወረርሽኙ አንሰራራ ይባላል። ይባል። ቃሉ መነሣቱን ብቻ ነው የሚናገረው፣ የተነሣውን አያሞግስም፤ ለሙያ ቃል ይህ ጥሩ ጠባይ ነው። ሁለተኛው ይከብዳል፦ ጨርሶ እንዳይወድቅ የሚደረገው ጥንቃቄስ ምን ሊባል ነው? መሐንዲሶቹ ራሳቸው እኮ ሁለቱን ይለያሉ። ድልድይ ጎርፍ ሲመጣ ቆሞ እንዲቀር ሲሠራ ያ ጥንካሬ ነው፤ «አይበገሬ»ን ከወደድነው እዚያ እናሠራው። «አንሰራሪ» ለጆሮው የጎረበጠውም «የሚያንሰራራ» ይበል፣ አልጣላውም።

በ1997 አይሲን የሚባለው የቶዮታ አቅራቢ ካሪያ ላይ ያለው ፋብሪካው ተቃጠለ። የቶዮታን የፍሬን ግፊት ማመጣጠኛ ቫልቭ ከሞላ ጎደል ብቻውን ይሠራ ስለነበር የቶዮታ ፋብሪካዎች ቆሙ። ያኔ የመረጃ ቋት አልነበረም። ወደ ሁለት መቶ የሚጠጉ ድርጅቶች ንድፉን ተቀብለው ቫልቩን በየቤታቸው መሥራት ጀመሩ፤ የልብስ ስፌት መኪና የሚሠራው ብራዘር እንኳ ገባበት። በሳምንት ገደማ ቶዮታ አንሰራራ።

በኦገስት 2023 ደግሞ በጃፓን ያሉት 14ቱም የቶዮታ መገጣጠሚያ ፋብሪካዎች ቆሙ። መንቀጥቀጥ የለ፣ እሳት የለ። የዕቃ ትዕዛዝ የሚያስተናግዱት ሰርቨሮች ላይ የጥገና ሥራ ሲሠራ ዲስኩ ሞላ፤ መጠባበቂያው ሰርቨርም በዚያው ሥርዓት ላይ ስለነበር በዚያው ምክንያት እምቢ አለ። መረጃው ሰፊ ቦታ ወዳለው ሰርቨር ተዛውሮ በማግስቱ ሥራ ተጀመረ። ማንሰራሪያው አጭር ነበር፤ መሰንበቻ ግን ጭራሽ አልነበረም። ዲስክንም ወደ አማርኛ እንመልሰው የሚል ካለ ግን እኔን አይፈልገኝ፤ ዲስክ ዲስክ ነው።