ቅጣት አወሳሰን (በደሳና ምዕራብ ሐረርጌ)

ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ባለው ሰው ላይ የቅጣቱን ዓይነትና መጠን የሚወስንበት ሥርዓት ነው። በበደሳም ሆነ በጭሮ ችሎቱ የሚሠራው በኦሮምኛ ቢሆንም ሕጉ የመላ አገሪቱ ነው፤ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ። አንቀጽ 88 ዳኞች የአጥፊውን አደገኛነት፣ ያለፈ ሕይወቱን፣ ለወንጀሉ ያነሣሣውን ምክንያት፣ የትምህርት ደረጃውን ጭምር እንዲመዝኑ ያዛል።

በገበያ ቀን በጫት ዋጋ ተጣልቶ ሰው ያቆሰለ ወጣት የቀድሞ ጠባዩ መልካም ከሆነ፣ ከልቡ ተጸጽቶ የቆሰለውን ካሳከመና እጁን ለፖሊስ ከሰጠ አንቀጽ 82 ቅጣቱን ያቀልለታል። ያው ጉዳት በቡድን ተመክሮበት፣ ወይም በአቅመ ደካማ ሽማግሌ ላይ ከደረሰ ግን አንቀጽ 84 ያከብድበታል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ቁጥር 2/2006 ሚዛኑን በእርከን ቀምሮታል፤ ለተመሳሳይ ጥፋት የተራራቀ ቅጣት እንዳይሰጥ። ለተቀጪው ከእርከኑ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን በፍርዱ ላይ የሰፈረው ምክንያት ነው፤ ይግባኝ የሚባለው በእሱ ነውና።

በዚሁ በምዕራብ ሐረርጌ በኦዳ ቡልቱም የአገር ሽማግሌዎች የሚያወርዱት ዕርቅና የተከፈለ ካሳ ለጸጸት ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል፤ ከባድ ወንጀል የፈጸመን ሰው ግን ከክስ አያድንም።