በር፣ አፍ እና ምስማር

ቻይናዎች የነዋሪ ምዝገባን «ኹኮው» ይሉታል። «ኹ» በር ነው፤ ጥንታዊው ፊደል ባለ አንድ መዝጊያ በር ሥዕል ነበር። «ኮው» አፍ ነው። በሩ ለቤተሰብ፣ አፉ ለሰው ቆሟል። እኛ «ነፍስ ወከፍ» ስንል በነፍስ እንቆጥራለን፤ እነሱ የቆጠሩት በሚጎርሰው አፍ ነው። የሀን ሥርወ መንግሥት በ2 ዓ.ም. ባደረገው ቆጠራ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 12,233,062 በሮችና 59,594,978 አፎች ተመዝግበዋል። ቃሉ ዛሬም ሥራ ላይ ነው፤ በ1958 የወጣው የነዋሪዎች ምዝገባ ሕግ የሚጠራው በዚሁ ስም ነው።

ተመራማሪን ከሁሉም በላይ ያሳሳተው ግን «ዲንግ» ነው። ብዙ ሊቃውንት እንደሚሉት ፊደሉ ሲፈጠር የምስማር ሥዕል ነበር። በኋላ ለአቅመ አዳም የደረሰ ወንድ መጠሪያ ሆነ፤ በሚንግ ዘመን ከ16 እስከ 60 ዓመት ያለውንና ለመንግሥት በጉልበቱ የሚገብረውን ሰው። ጉልበቱ እየቆየ በብር ሲተመን ቃሉ ሰውየውን ለቀቀው። በአንዳንድ የአውራጃ መዝገቦች ዲንግ ከነጥብ በኋላ በረጅም ክፍልፋይ ተጽፎ ይገኛል። ሰው እንዲህ አይሸነሸንም፤ የሚሸነሸነው ግብር ነው።

የታሪክ ምሁሩ ሆ ፒንግቲ በ1959 ባሳተመው የቻይና ሕዝብ ታሪክ ጥናት ይህን አፍረጥርጦ አሳየ። በ1712 ንጉሠ ነገሥት ካንግሺ የዲንግን ኮታ ከዚያ እንዳያልፍ ወሰነው። በ1730ዎቹ የተመዘገበው ዲንግ ከ30 ሚሊዮን በታች ነበር። በ1741 ቆጠራው በአፍ ይሁን ሲባል ቁጥሩ ከ143 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ሕዝቡ በጥቂት ዓመታት አምስት እጥፍ አልተዋለደም፤ የተለወጠው የሚቆጠረው ነገር ነው። የቃሉን ታሪክ ሳያውቅ ከእነዚህ አሃዞች የዕድገት መስመር የሚስል ሰው ያልነበረ ታሪክ ይጽፋል።

የመዝገብ ቤት ሰነድ ደግሞ «ዳንግአን» ይባላል። ያንግ ቢን የተባለ ጸሐፊ በ1707 ገደማ ስለ ሰሜን ምሥራቁ ድንበር ባዘጋጀው ማስታወሻ እንደሚያስረዳው፣ በድንበሩ ማዶ የሚጻፈው በእንጨት ላይ ነበር። ከሰው ወደ ሰው የሚላላከው ሰሌዳ ሌላ ስም ነበረው፤ ለዓመታት የሚቀመጠውና ብዙው በአንድ ጠፍር ተሰክቶ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ዳንግአን ተባለ። የአካባቢው ሕዝብ ማንቹዎችም «ዳንግሰ» ይሉት ነበር። ማብራሪያው ትክክል ከሆነ፣ የዛሬው የመዝገብ ቤት ስም የመጣው ከዚሁ የጠፍር ጥቅል ነው።

ከዚያው ከሰሜን ምሥራቁ ምድር፣ ከሊያውኒንግ፣ የዘመናችን ታላቅ የመረጃ ስብስብ ወጣ። የማንቹ ሠራዊትና ሕዝብ በ«ሰንደቅ» ይደራጅ ነበር፤ የሰንደቁ ንዑስ ክፍል «ኒሩ»፣ ማለትም ፍላጻ ይባላል። በዚህ ሥርዓት ሥር ያሉ ገበሬዎች በየሦስት ዓመቱ ስማቸው፣ ዕድሜያቸው፣ ጋብቻቸው፣ ለአባወራው ያላቸው ዝምድና እየተጻፈ ይመዘገቡ ነበር። ጄምስ ሊና ካሜሮን ካምቤል ከባልደረቦቻቸው ጋር መዝገቦቹን ወደ ኮምፒውተር አስገቧቸው። ከ1749 እስከ 1909 ያለው ስብስብ ከ260,000 በላይ ሰዎችን በ1.5 ሚሊዮን ገደማ መስመሮች ይዟል። ከግብር መዝገቡ ክፍልፋይ በኋላ እዚህ መድረስ ደስ ያሰኛል፤ አንዱ ገበሬ ሲያገባ፣ ሹመት ሲያገኝ፣ የልጅ ልጁ ሲመዘገብ ይታያልና። ሁለቱ ምሁራን በ1997 ባሳተሙት መጽሐፍ ዳውዪ የተባለችን የገበሬ መንደር ለአንድ መቶ ዓመት በዚህ መልክ ተከታትለዋል፤ ከዘር ሐረግ፣ ከቤተሰብ ማዕረግና ከሹመት ማን ምን እንደተጠቀመ የሚታየው እንዲህ ባለ ክትትል ብቻ ነው።

ይህም ሆኖ እያንዳንዱ መስመር መዝጋቢው ለመንግሥት ያስፈልጋል ብሎ የያዘው ነው። በሕፃንነታቸው የሞቱ ልጆች በአብዛኛው አልተጻፉም፤ ያላገቡ ሴቶች ልጆችም እንዲሁ። ስለዚህ በእነዚህ መዝገቦች የወሊድን ብዛት የሚያሰላ ሁሉ የሚነሣው ከወንዶቹ ነው፤ ሴቶቹን በግምት ይጨምራል።