የጓይ ትልና የዴንሶቫይረስ ታሪክ

በአብርሃ ጅራና በመተማ ቆላ ከሰሊጥና ከማሽላ ጋር ጥጥ የሚያመርት ገበሬ ጓይ ትልን የሚያውቀው የጥጡን ፍሬ ቦርቡሮ ሲገባ ነው። በትሉ ገላ ውስጥ ሊኖር ስለሚችለው ደቃቅ ቫይረስ ግን በሳይንስ ትምህርታችን እምብዛም አይወሳም።

የዚህ የቫይረስ ወገን ታሪክ የተጀመረው በጥጥ ማሳ ሳይሆን በሰም በል ትል፣ ማለትም የእኛም ንብ አርቢዎች በሚማረሩበት የቀፎ ተባይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ሜይናዲየ፣ ቫጎና ባልደረቦቻቸው በፈረንሳይ አገር ይህን ትል የሚፈጅ በሽታ ገለጹ። የታመሙት ሕዋሳት አስኳል አብጦና ጥቅጥቅ ብሎ ስለታየ በሽታው «ዴንሶኑክሊዮሲስ» ተባለ። ቫይረሱ ነጠላ ሰንሰለት ዲኤንኤ ያለው ሲሆን ስፋቱ 25 ናኖሜትር ያህል ነው፤ 40,000ው ጎን ለጎን ቢሰለፉ አንድ ሚሊሜትር ቢሞሉ ነው። (ይህን ስሌት ተማሪዎች ራሳቸው ቢሠሩት ይመረጣል።)

ዘመዶቹ ከዚያ ወዲህ በትንኝና በሐር ትል፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ደግሞ በሐዋይ በሚረባ ሽሪምፕ በተባለ የባሕር እንስሳ ላይ ተገኙ። ገዳይነታቸው ስለጎላም ለተባይ መከላከያነት ይታሰቡ ጀመር።

እ.ኤ.አ. በ2014 ግን በቻይና የተካሄደ ጥናት ይህን አስተሳሰብ አናጋው። የጓይ ትሉ ዴንሶቫይረስ ባለቤቱን አይገድልም፤ እንዲያውም እድገቱን ያፋጥናል፣ የእንስቷን ዕድሜና የእንቁላሏን ብዛት ይጨምራል። ከዚህም በላይ ትሉ ባኩሎቫይረስንና አነስተኛ መጠን ያለውን የቢቲ መርዝ እንዲቋቋም ይረዳዋል። ስለዚህ ቫይረስን በጠቅላላው «በሽታ አምጪ» ብሎ የሚተረጉም የመማሪያ መጽሐፍ ጎደሎ ነው።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 የቢቲ ጥጥ እንዲዘራ ስለፈቀደች፣ የቆላው የጥጥ ጥበቃ ሲታቀድ በትሉ ውስጥ ያለው ቫይረስም አብሮ ሊመረመር ይገባል።