ባለ ሁለት ዲፈረንሲያል

በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነው። ከደነባ ወደ እነዋሪ ስንጓዝ ከዋናው መንገድ ወጥተን የእርሻ መንገድ እንደያዝን መረሬው ያዘን። የጅሩን መረሬ የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ፣ በክረምት ጎማ የሚውጥ ሊጥ ነው ብል ይበቃዋል። የጫንነው አምስት ኩንታል የስንዴ ዘር ነበር። አጎቴ በዱቤ ያመጡት ዘር ነው፤ ማሳው ታርሶ ይጠብቃል። ሸራው ቀዳዳ አለው፤ ሰማዩ ደግሞ ጠቁሯል።

ፒክአፗ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠራች ሃይሉክስ ናት። መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ።

«ፎሩን አስገብተኸዋል?» አሉኝ አጎቴ።

«አስገብቻለሁ፤ መብራቱም በርቷል» አልኳቸው።

«ታዲያ ምነው የኋላው ብቻ የሚዞር?»

ለዚህ ጥያቄ በዚያች ሰዓት መልስ አልነበረኝም። በኋላ ነገሩን ሳገላብጥ ግን አጎቴ ሳያውቁት የመቶ ዓመት ታሪክ ጠይቀውኝ ኖሯል።

ኃይልን ወደ ፊት ጎማ መላክ ብቻውን ያን ያህል አያስቸግርም፤ ዘንግ መዘርጋት ነው። ችግሩ የፊት ጎማ ሁለት ሥራ ያለበት መሆኑ ነው፤ መሽከርከርም፣ መታጠፍም አለበት። ሆላንዳውያኑ የስፓይከር ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1903 አራቱም ጎማዎቿ የሚጎትቱ ባለ ስድስት ሲሊንደር መኪና ሠርተው አሳይተዋል። በአሜሪካ ደግሞ፣ በዊስኮንሲን ግዛት ክሊንተንቪል በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ኦቶ ዛኮውና ዊልያም ቤሰርዲክ የተባሉ ባለ ወርክሾፖች እ.ኤ.አ. በ1908 ኃይል እየተቀበለ ለሚታጠፍ የፊት ጎማ የፈጠራ መብት አገኙ። የዚያች ከተማ ካሚዮኖች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጭቃ ውስጥ ተፈትነዋል።

በነገራችን ላይ፣ የእኛ አገር የጋራዥ ቋንቋ ራሱ የታሪክ መዝገብ ነው። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካቻቢቴ፣ ጎማ ሁሉም ከጣሊያን ያገኘናቸው ናቸው። «ፎር» ግን እንግሊዝኛ ነው። ጂፕና ላንድሮቨር ጣሊያን ከወጣ በኋላ የመጡ እንግዶች ናቸውና ስማቸውን ይዘው መጡ። ሹፌሮቻችን ግን ሌላም ስም አላቸው፤ «ባለ ሁለት ዲፈረንሲያል» ይሏታል። እኔ ይህን ስም ከእንግሊዝኛው አብልጬ እወደዋለሁ፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እናገራለሁ።

ጂፕን ያነሣሁት ያለ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1940 የአሜሪካ ጦር ቀላል መኪና ሲፈልግ ባንታም የተባለው ትንሽ ኩባንያ የመጀመሪያውን ናሙና በ49 ቀን ውስጥ አስረከበ። ከዚያ በኋላ ዊሊስና ፎርድ ከስድስት መቶ ሺህ በላይ አመረቱ። ጂፗ ሦስት ማንሻዎች ነበሯት፤ አንዱ የካምቢዮ፣ አንዱ የከባድ ማርሽ፣ አንዱ የፊት ጎማዎቹን ማስጎተቻ። የፊት ጎማዎቹ ከዘንጎቻቸው ጋር ለዘለቄታው የተያያዙ ስለነበሩ ማንሻው ከገባ ነገሩ አለቀ።

ጦርነቱ አልቆ የተረፉት ጂፖች ለሰላማዊው ሰው ሲሸጡ ግን አዲስ ጣጣ መጣ። አስፋልት ላይ የፊት ዘንግና ዲፈረንሲያል ያለ ሥራ አብረው ይዞራሉ፤ ይበላሉ፣ ነዳጅም ያስጠጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1948 በሲያትል አቅራቢያ አርተር ዋርን የተባለ ሰው የፊት ጎማን ከዘንጉ የሚያላቅቅና መልሶ የሚያገናኝ ዕቃ ይሸጥ ጀመር። ዕቃው በጎማው እምብርት ላይ ይታሰራል። አንድ የነበረው ሥራ ከዚህ ወዲያ ሁለት ሆነ፤ ከውስጥ ማንሻ፣ ከውጭ «ፍሪ» እና «ሎክ» የሚል ክብ ቁልፍ። ሹፌሩ ጭቃ ውስጥ ወርዶ ሁለቱን የፊት ጎማዎች በእጁ መቆለፍ አለበት ማለት ነው።

ጃፓኖቹም በዚሁ መንገድ ሄዱ። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1951 የሠራት ጂፕ መሰል መኪና የፉጂን ተራራ እስከ ስድስተኛው ጣቢያ ወጣች፤ በ1954 ላንድክሩዘር ተባለች። ሃይሉክስ በ1968 ተወለደች፤ ባለ ሁለት ዲፈረንሲያሏ በ1979 መጣች። የአጎቴ ፒክአፕ የዚህች ልጅ ናት፤ የጂፕን ማንሻና የዋርንን ቁልፍ አብራ ወርሳለች። እኔ ያመንኩት መብራት ደግሞ ሽቦው የሚነሣው ኃይል ከሚያካፍለው ሳጥን ነው፤ ማንሻው መግባቱን እንጂ ጎማው መያዙን አያውቅም።

ከ1980ዎቹ ወዲህ ብዙ ፋብሪካዎች ሹፌሩ እንዳይወርድ ሲሉ የቁልፉን ሥራ ለአየር መሳቢያ ቱቦና ለኤሌክትሪክ ሞተር ሰጥተዋል። በሼቭሮሌ ኤስ 10 ላይ ይህን የሚሠራው ዕቃ ከባትሪው ሥር ነው የተቀመጠው፤ የባትሪ አሲድ ሲንጠባጠብበት ይበሰብሳል። ምቾቱን አልጠላም። ዳሩ ግን የተሰነጠቀ ቱቦ ፍለጋ ጭቃ ውስጥ ከመተኛት በእጅ የሚዞር ቁልፍ ይሻለኛል።

ወደ መረሬው ልመለስ። አንድ መንገደኛ ልጅ ከጎን ጎንበስ ብሎ እንዲያይልን ለመንነው። ነዳጅ ስሰጥ ወደ ፊት የሚሄደው ረጅም ዘንግ ይዞራል፤ የፊት ጎማዎቹ ግን ንቅንቅ አይሉም። እንግዲህ ማንሻውም ሳጥኑም ነፃ ወጡ፤ ጥፋቱ ከዘንጉ በኋላ ነው። ወርጄ ቁልፎቹን አየሁ፤ ሁለቱም «ሎክ» ላይ ናቸው። ጠዋት ራሴ ነኝ ያዞርኳቸው።

«ፍሪ መልሰህ፣ ትንሽ ነቅነቅ አድርገህ ደግመህ ቆልፍ፤ አንዳንዴ ጥርሱ አይገጥምም» አሉ አጎቴ። አደረግሁ፤ ለውጥ የለም። ከዚያ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ክሪክ አቁመን የቀኙን የፊት ጎማ አነሣን። ማርሹ እንደገባ፣ ጎማው በእጄ እንደ እንዝርት ሾረልኝ። የግራውን ስናነሣ ግን ከበደ፤ ከውስጥም የማርሽ ድምፅ ተሰማ። የቀኙ ቁልፍ ከላይ «ሎክ» እያለ ከውስጥ አልያዘም ነበር።

ታዲያ የያዘው የግራ ጎማ ለምን አልጎተተም? የሹፌሮቻችንን ስም የወደድኩት ለዚህ ነው። ዲፈረንሲያል ኩርባ ላይ የውጭው ጎማ ከውስጡ ፈጥኖ እንዲዞር ይፈቅዳል፤ ነገር ግን መዞሩን ሁልጊዜ ወደ ቀለለው ወገን ነው የሚልከው። በቀኝ በኩል ምንም ሳይገፋ የሚሽከረከር ባዶ ዘንግ ስላገኘ ሁሉንም ለእርሱ ሰጠ። አንዱ ጎማ ስላልተቆለፈ ሁለቱም ሥራ ፈቱ።

የቁልፉን መክደኛ ትንንሽ ብሎኖች ፈታን። ግራሶው ከአቧራ ጋር ተላቁጦ እንደ ሰም ደርቋል፤ ወደ ውስጥ ተንሸራቶ መያዝ የነበረበት ጥርሳም ቀለበት እዚያው ተጣብቆ ቀርቷል። አጎቴ ጃንጥላቸውን ጎማው ላይ ዘረጉልኝ፤ እርሳቸው ዝናቡ ይወርድባቸዋል። በናፍጣ አጥቤ፣ በስሱ ግራሶ ቀብቼ መለስኩት። ግራሶው ከበዛም መልሶ ያጣብቃልና ስስ መሆን አለበት። ቁልፉ ሲዞር «ቀጭ» አለ። ፒክአፗ ሁለት ጊዜ አቃስታ ወጣች።

ቤት ስንደርስ መሽቶ ነበር። ከአምስቱ አንዱ ኩንታል ርሶ ስለነበር የአጎቴ ሚስት ያን ሌሊት ምድጃው አጠገብ ሰሌን ላይ ዘርግተው ሲያገላብጡት አደሩ። አራቱ በማግስቱ ተዘሩ፤ አምስተኛው ከሦስት ቀን በኋላ። አጎቴ ከዚያ ወዲህ በየወሩ መጀመሪያ፣ ጠራራ በጋም ቢሆን፣ ሁለቱን ቁልፎች «ሎክ» አድርገው ግቢያቸው ውስጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይነዷታል።