የፍሬን ሸራ ታሪክ፦ ከጫማ ሰፊው ሱቅ እስከ ወንድሜ መኪና

ዛሬ ከነገሥታቱ ታሪክ ወጣ ብዬ ስለ ፍሬን ሸራ ልጽፍ ነው። ሳቁ፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ባለፈው ሳምንት ወንድሜ ተናዶ ደወለልኝ። የመኪናው የፊት ፍሬን ሲጮህ ሰንብቷል። ሲገዛት ተጨማሪ ብር ከፍሎ የዋስትና ጊዜዋን ስላራዘመ «እነሱ ይሠሩታል» ብሎ ተዘናጋ። ሲወስዳት ወረቀቱን ገልጠው አሳዩት፤ የፍሬን ሸራ በአገልግሎት የሚያልቅ ዕቃ ስለሆነ ዋስትናው አይሸፍነውም። ይባስ ብሎ ሸራው አልቆ ብረቱ ዲስኩን ቦርቡሮታል። በሸራ ብቻ ያልቅ የነበረው ወጪ ከነዲስኩ ሆነበት። «ታዲያ ምኑን ነው የሸጡልኝ?» አለኝ።

መልሱ ታሪክ ውስጥ አለ።

እ.ኤ.አ. በ1888 ጀርመናዊቷ በርታ ቤንዝ ለባሏ ሳትነግር ሁለት ልጆቿን ይዛ፣ እሱ በሠራት መኪና ከማንሃይም ወደ ፎርትስሃይም ተጓዘች። መንገዱ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ዳገት ቁልቁለት ይበዛዋል። የመኪናዋ ፍሬን የእንጨት ነበር፤ ቁልቁለቱ ላይ እየተፋቀ አለቀ። በርታ ምን አደረገች? ጫማ ሰፊ ዘንድ ሄዳ እንጨቱ ላይ ቆዳ አስመታችበት። በቃ፣ የፍሬን ሸራ ሐሳብ ይኸው ነው፦ ዋናው ዕቃ እንዳያልቅ በርካሹ ማለቅ።

ከዚያ እንግሊዛዊው ኸርበርት ፍሩድ መጣ። ከ1897 ጀምሮ የፍሬን ሸራን ነገር ሥራዬ ብሎ ያዘው፤ ቀደምቶቹ ሸራዎች ከጥጥ የተሸመኑ ነበሩ። ቀጥሎ ሙቀት የሚችለው አስቤስቶስ ገባ። እሱ ደግሞ ብናኙ የሰው ሳንባ የሚጎዳ ሆኖ ተገኘና ብዙ አገሮች ከለከሉት። «ፍሬን» የምንለው ቃልም ከጣሊያንኛው «ፍሬኖ» የመጣ ነው።

እንግዲህ ከ130 ዓመት በላይ ቁሱ ተለዋወጠ እንጂ የሸራ ሥራ አልተለወጠም፤ የተፈጠረው እንዲያልቅ ነው። ዋስትና የሚሸፍነው ደግሞ የፋብሪካ ጉድለትን እንጂ ማለቅን አይደለም። ማለቁ ጉድለት ሳይሆን ሥራው ነዋ!

ብዙ መኪኖች ላይ ያ ጩኸት ራሱ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ሸራው ሲሳሳ ትንሽ ብረት ዲስኩን እየነካች «ቀይረኝ» ትላለች። ውፍረቱ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ከወረደ መቀየሪያው ደርሷል ማለት ነው።

ወንድሜ ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርሰው በዚያች መኪና ነው። እሱ ስለ ብሩ ሲያወራ እኔ የማስበው ጠዋት ጠዋት ስለሚወርዱት ቁልቁለት ነበር። ዲስክ በብር ይተካል።

ስለዚህ መኪና ያላችሁ፣ ዋስትና ስትገዙ «ምን ይሸፍናል?» ብቻ ሳይሆን «ምን አይሸፍንም?» ብላችሁም ጠይቁ። ጎማ ባስፈታችሁ ቁጥር ሸራውን አሳዩ። ታክሲ የምትነዱ ተማሪዎቼ፣ በተለይ እናንተን ነው! የእናንተ መቼ ነው የታየው?